ስምና ወሰኑ፤ በሉዋ ቋንቋ «ሎካል» የተባለችው ቃል ታሪክ

ዶራሌ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ በባሕሩ ዳርቻ የሚገኝ የወደብ ሥፍራ ነው። ወደ አገራችን ከሚገባውና ከአገራችን ከሚወጣው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደቦች በመሆኑ፣ ከአስመጪ ነጋዴዎች፣ ከጉምሩክ ሠራተኞችና ከከባድ መኪና ሾፌሮች መካከል የዶራሌን ስም ያልሰማ አይገኝም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ እናንሣ። የዶራሌ ወደብ የተመረቀው መቼ ነው?

አንዱ ተማሪ «በ2009» ብሎ ቢመልስ፣ ሌላውም «በ2009» ብሎ ቢመልስ፣ ሁለቱ የተስማሙ ይመስላል። ነገር ግን አልተስማሙም። የመጀመሪያው የኮንቴይነር ወደቡን ማለቱ ነው፤ ይህ ወደብ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነበር። ሁለተኛው በአጠገቡ የተሠራውን ሁለገብ ወደብ ማለቱ ነው፤ ይህኛው የተመረቀው ግንቦት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን በኤውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 24 ቀን 2017 ይሆናል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመርም በመስከረም ወር በአዲስ አበባ፣ በጥር ወር ደግሞ በጅቡቲ የተመረቀው በዚያው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ተማሪዎች እውነቱን ተናግረዋል። የጻፉትም ቁጥር አንድ ነው። በመካከላቸው ግን ከስምንት ዓመት በላይ አለ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጅቡቲና ኢትዮጵያ የሚገኙት በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ነው። ሆኖም የወደቡ ጸሐፊ በፈረንሳይኛ «ጭነቱ በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል» ሲል ጠዋቱን ማለቱ ሲሆን፣ ከእኛ አገር የሄደው ሾፌር ግን «ዘጠኝ ሰዓት» ሲባል የሚያስበው ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። የተባለውን ሳያጣራ የተቀበለ ሾፌር ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል።

ነገሩ ከወደብ ዘልቆ እስከ ትምህርት ቤታችን ይመጣል። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል በሚሞላው ቅጽ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ሳይለውጥ «2000» ብሎ ቢጽፍ፣ በወረቀቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። የዕድሜ ገደብ ካለበት ዕድል ሊወድቅ፣ በኋላም በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ መካከል የሚታየውን ልዩነት ለማስረዳት ብዙ ቢሮ ሊመላለስ ይችላል። ስህተቱ የመጣው የሐሰት ቁጥር ከመጻፍ ሳይሆን፣ እውነተኛውን ቁጥር ከወሰኑ ውጭ ከመጻፍ ነው።

በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ለዚህ ችግር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ መድኃኒት አላቸው። ከቁጥሩ ጋር «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል አጭር ምልክት ያኖራሉ። ምልክቱ ቁጥሩን አይለውጠውም፤ በየትኛው ወሰን ውስጥ እንደሚነበብ ብቻ ያውጃል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎችም ይኸው ችግርና ተመሳሳይ መድኃኒት አላቸው። በተለይም የኮምፒዩተር ጨዋታዎች በሚጻፉበት ሉዋ በተባለው ቋንቋ መድኃኒቱ አንዲት ቃል ናት፤ እርሷም «ሎካል» ትባላለች። በዚህ ጽሑፍ የዚህችን ቃል ታሪክና አሠራር እንመለከታለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው።

ስም፣ ዋጋና ወሰን

በሒሳብ ትምህርት ተለዋዋጭ የምንለው ዋጋ ሊሰጠው የሚችል ስም ነው። በፕሮግራምም ውስጥ ተለዋዋጭ ማለት በኮምፒዩተሩ መዝገብ ውስጥ ለተቀመጠ ዋጋ የተሰጠ ስም ነው። «ነጥብ = 10» ስንል ነጥብ የሚለው ስም 10 የሚለውን ዋጋ ያዘ ማለት ነው። ከስምና ከዋጋ ሌላ ግን ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ወሰን ነው። ወሰን ማለት ስሙ የሚታወቅበት የፕሮግራሙ ክፍል ማለት ነው።

በአገራችን አንድ ልጅ የመዝገብ ስምና የቤት ስም ሊኖረው ይችላል። በቤት ስሙ የሚጠሩት የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሄዶ በዚያ ስም የሚጠይቅ እንግዳ ልጁን አያገኘውም። በሌላ ቤት ያለ ሌላ ልጅ በዚያው የቤት ስም ቢጠራም አንዱ ከሌላው ጋር አይጋጭም። ሎካል ተለዋዋጭ እንደ ቤት ስም ነው። ከቤቱ ውጭ አይታወቅም፤ በሌላ ቤት ያለውን ተመሳሳይ ስምም አይነካም። ግሎባል የሚባለው ተለዋዋጭ ግን በአደባባይ የተለጠፈ ስም ነው። ማንኛውም የፕሮግራሙ ክፍል ሊያነበው፣ ማንኛውም ክፍል ሊለውጠው ይችላል።

በሉዋ ቋንቋ ሕጉ አጭር ነው። አንድ ስም «ሎካል» ተብሎ ካልታወጀ ግሎባል ነው። ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ታሪኩ መመለስ ያስፈልጋል።

ከሉዋ በፊት

በ1957 ለሥራ የቀረበው የአይቢኤም ኩባንያ ፎርትራን ቋንቋ ስምን ስለማወጅ ብዙ አይጨነቅም ነበር። ያልታወጀ ስም ሲያጋጥመው የመጀመሪያ ፊደሉን ተመልክቶ ዋጋው ሙሉ ቁጥር ወይም ባለ ነጥብ ቁጥር መሆኑን ይወስናል። ይህ ለጸሐፊው ድካም ይቀንስለታል፤ ነገር ግን አንድ ፊደል የሳተ ስም ስህተት ተብሎ አይያዝም፤ እንደ አዲስ ስም ይቆጠራል።

በጃንዋሪ 1960 ከአሜሪካና ከኤውሮፓ የተውጣጡ ሊቃውንት በፓሪስ ተሰብስበው አልጎል 60 የተባለውን ቋንቋ ደነገጉ። የስብሰባውን ውጤት አዘጋጅቶ ያቀረበው የዴንማርኩ ተወላጅ ፒተር ናውር ነበር። አልጎል በመነሻና በመድረሻ ቃላት የታጠረ ክፍል አስተዋወቀ፤ በአጥሩ ውስጥ የታወጀ ስም ከአጥሩ ውጭ አይታወቅም። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች ውስጥ የምናየው የስም ወሰን ሥርዓት በአብዛኛው የተወረሰው ከዚህ ነው።

በ1964 ደግሞ በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ኩርትዝ የተባሉ ሁለት የሒሳብ መምህራን ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ለተማሪዎቻቸው አወጡ። ዓላማቸው የሳይንስ ተማሪ ያልሆነውም ሰው ኮምፒዩተርን እንዲጠቀም ነበር። ቋንቋው ቀላል እንዲሆን ማወጅን የግድ አላደረጉም። በመጀመሪያዎቹ የቤዚክ ዓይነቶች ንዑስ ክፍሎች የራሳቸው ስሞች ስላልነበሯቸው፣ ፕሮግራሙ በሙሉ እንደ አንድ አደባባይ ሆኖ ኖረ።

ስለዚህ ሁለት መንገዶች ተፈጠሩ ማለት ነው። አንዱ ጥብቅና አጥር ያለው፣ ሌላው ልልና ለጀማሪ የሚመች። ሉዋ የተወለደችው ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት ሥፍራ ላይ ነው።

በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተወለደች ቋንቋ

ብራዚል ከ1977 እስከ 1992 ድረስ የአገር ውስጥ የኮምፒዩተር ኢንዱስትሪዋን ለማሳደግ ስትል የውጭ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ ጠንካራ ገደብ አድርጋ ነበር። በዚህም ምክንያት የአገሪቱ ድርጅቶች የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ በብዛት እዚያው ማሠራት ነበረባቸው። በሪዮ ዴ ጃኔሮ ጳጳሳዊ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1987 የተቋቋመው ቴክግራፍ የተባለው የምርምር ክፍል ዋና ደንበኛው የአገሪቱ የነዳጅ ድርጅት ፔትሮብራስ ነበር።

ቴክግራፍ ለፔትሮብራስ መሐንዲሶች ሁለት ትናንሽ ቋንቋዎችን ሠራ። ዴል የተባለው መረጃን ለማስገቢያ ቅጾች መግለጫ ነበር። ሶል የተባለው ደግሞ ስለ ዓለት ንብርብር የሚቀርቡ ሥዕላዊ መግለጫዎችን ለማዘጋጀት ያገለግል ነበር። በ1993 ሮቤርቶ ዬሩዛሊምስኪ፣ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌይሬዶና ቫልዴማር ሴሌስ ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ የተሻለ ቋንቋ ለመተካት ተስማሙ። ሶል በፖርቱጋልኛ ፀሐይ ማለት ስለሆነ አዲሱ ቋንቋ ሉዋ ተባለ፤ ትርጉሙም ጨረቃ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ተጠቃሚዎች እነማን እንደነበሩ ልብ ማለት ይገባል። አብዛኞቹ መሐንዲሶችና የሥነ ምድር ባለሙያዎች ነበሩ፤ የፕሮግራም ጽሑፍ ዋና ሙያቸው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው «የጉድጓድ ጥልቀት ይህን ያህል ነው» ብሎ በአንድ መሥመር ሲጽፍ፣ ሌላ ማወጃ ሳይጠየቅ እንዲሠራለት ይፈልጋል። ያልታወጀ ስም ሁሉ ግሎባል ይሁን የሚለው ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ አጭርና ቀላል ጽሑፍ ተስማሚ ነበር። ሥራው ሰፊ ሲሆንና ስሞች ሲበዙ ግን አጥር ያስፈልጋል። ለዚህም «ሎካል» የምትለው ቃል አለች። እንግዲህ ሉዋ ለጀማሪው ነጻነቱን ሰጠችው፤ የማጠሩን ኃላፊነት ግን ለጸሐፊው ተወችለት።

አንዳንድ ሰዎች «ሳይታወጅ የተጻፈ ስም ሁሉ ሎካል ቢሆን አይሻልም ነበርን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አንድ ክፍል በሌላ ክፍል ውስጥ ሲገኝና የውስጠኛው ክፍል «ነጥብ = 5» ሲል፣ አዲስ ነጥብ መፍጠሩ ነው ወይስ የውጭኛውን ነጥብ መለወጡ? ማወጃ ከሌለ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ዋጋ ሲሰጠው ስሙን ሎካል የሚያደርገው ፓይተን የተባለው ቋንቋ ይህ ችግር ስላጋጠመው፣ በ2008 በወጣው ሦስተኛው ዓይነቱ «ይህ ስም የእኔ አይደለም፣ የውጭኛው ነው» የሚል ልዩ ማወጃ ለመጨመር ተገዷል። ከዚህ የምንረዳው ወሰንን የማወጅ ሥራ ከአንድ ቦታ ቢነሣ በሌላ ቦታ ብቅ እንደሚል ነው።

ወደ ጨዋታ ዓለም

የሉዋ ደራሲዎች በ1996 ስለ ቋንቋቸው በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የፕሮግራመሮች መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። ብዙም ሳይቆይ የጨዋታ ሠሪዎች ወደ ቋንቋዋ ተሳቡ። ሉካስአርትስ የተባለው ኩባንያ በ1998 ግሪም ፋንዳንጎ የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ፣ ቀድሞ ይጠቀምበት የነበረውን የራሱን የስክሪፕት ቋንቋ ትቶ በሉዋ ነበር የሠራው። በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትና በ2006 ለሕዝብ የተከፈተው ሮብሎክስም ሉዋን ለስክሪፕት መርጠዋል። ሮብሎክስ በኋላ ከሉዋ የተወለደ ሉዋው የተባለ የራሱን ዓይነት አዳብሯል።

የጨዋታ ሥራ ሎካልን ከበፊቱ ይበልጥ አስፈላጊ አደረጋት። ምክንያቱም በአንድ ጨዋታ ውስጥ የብዙ ሰዎች ጽሑፍ በአንድነት ይሠራል። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ተጫዋቾች ራሳቸው የሚጽፏቸው ተጨማሪ ክፍሎች በአንድ የሉዋ ዓለም ውስጥ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። የማይተዋወቁ ሁለት ጸሐፊዎች አንድ ዓይነት ስም ሳያውጁ ቢጠቀሙ፣ አንዱ የሌላውን ዋጋ ይደመስሰዋል። በዶራሌ የሁለት አገር ሰዎች «ዘጠኝ ሰዓት» ሲሉ እንደሚሆነው ማለት ነው።

አሠራሩ በምሳሌ

እንበልና በአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ያሉ ተማሪዎች ከዶራሌ ኮንቴይነር ጭኖ ወደ ሞጆ የሚጓዝ ባቡር ጨዋታ ይሠራሉ። ባቡሩ 20 ፉርጎዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ፉርጎ ላይ ሁለት ኮንቴይነር ይጫናል፤ ጠቅላላው 40 ነው። ከመነሻው በፊት ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ የሚቆጥር «ፈትሽ» የተባለ ክፍል ይጽፋሉ። ለንባብ እንዲመች በፊደላችን ጻፍነው እንጂ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው።

ፈንክሽን ፈትሽ()
    ቁጥር = 0
    ፎር ፉርጎ = 1, 20 ዱ
        ቁጥር = ቁጥር + 1
    ኤንድ
ኤንድ

ቁጥር = 40
ፈትሽ()
ፕሪንት(ቁጥር)

ተማሪዎቹ 40 ይጠብቃሉ። ኮምፒዩተሩ ግን 20 ይላል። ባቡሩ ገና ከዶራሌ ሳይነሣ 20 ኮንቴይነር ጠፋ። ሌባው ማን ነው? «ፈትሽ» የፉርጎዎቹን ብዛት የያዘበት ስምና ዋናው ጽሑፍ የኮንቴይነሮቹን ብዛት የያዘበት ስም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ስላልታወጁ በአደባባዩ ላይ ያለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ፈታሹ ፉርጎ ሲቆጥር የኮንቴይነሩን ቁጥር ደመሰሰው። መፍትሔው በሁለተኛው መሥመር ላይ «ሎካል ቁጥር = 0» ብሎ መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ የፈታሹ ቁጥር በፈታሹ ቤት ተወልዶ እዚያው ይቀራል፤ የታተመውም 40 ይሆናል። በነገራችን ላይ «ፉርጎ» የተባለው የዙር መቁጠሪያ ሳይታወጅ ሎካል ነው፤ ሉዋ ይህን በራሷ ታደርገዋለች።

ይህን የተማረ ተማሪ ብዙ ጊዜ ወደ ተቃራኒው ስህተት ይሄዳል፤ በየቦታው «ሎካል» መጻፍ ይጀምራል። የሚከተለውን እንመልከት።

ሎካል ፍጥነት = 80
ኢፍ የአሸዋ_ነፋስ ዜን
    ሎካል ፍጥነት = 40
ኤንድ
ፕሪንት(ፍጥነት)

ነፋሱ ቢነሣም ባቡሩ በ80 መሮጡን ይቀጥላል። በ«ዜን»ና በ«ኤንድ» መካከል የታወጀው ፍጥነት አዲስ የቤት ስም ነው፤ ኤንድ ላይ ሲደርስ ይሞታል። የውጭኛው ፍጥነት አልተነካም። እዚህ ላይ የተፈለገው ያለውን ስም መለወጥ ስለነበረ፣ በሦስተኛው መሥመር «ሎካል» የምትለው ቃል መቅረት ነበረባት። ማወጅ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ መለወጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስህተት የጨዋታ ሥራ የተለየ ባሕርይ የሚያመጣው ነው። ጨዋታ እንደ ፊልም በሥዕሎች ተከታታይነት የሚሠራ በመሆኑ፣ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ጊዜ ያህል የሚጠራ የማደሻ ክፍል ይኖረዋል። ተማሪው «ሎካል ነጥብ = 0» የሚለውን በዚህ ክፍል ውስጥ ቢያኖረው፣ ነጥቡ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይወለዳል፣ 60 ጊዜም ይሞታል። ተጫዋቹ ምንም ያህል ቢደክም ነጥቡ አያድግም። ማወጃውን ከክፍሉ በላይ፣ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ስሙ ለፋይሉ ሎካል ሆኖ ከአደባባዩ እንደተጠበቀ፣ በጥሪዎች መካከል ዋጋውን ይዞ ይቆያል።

«በፋይሉ መጀመሪያ» ማለታችን በምክንያት ነው። የሎካል ስም ወሰን የሚጀምረው ከታወጀበት መሥመር በኋላ ሲሆን የሚያበቃው ያ ክፍል በሚዘጋበት ቦታ ነው። ከማወጃው በላይ የተጻፈ ክፍል ያንን ስም አያየውም፤ በዚያ ስም ቢጠራ የሚያገኘው ግሎባሉን ነው። ግሎባሉም ዋጋ ካልተሰጠው «ኒል»፣ ማለትም ባዶ ይሆናል።

አሁን ወደ ዶራሌው ሰዓት እንመለስ።

ሎካል ሰዓት = 9
ዱ
    ሎካል ሰዓት = ሰዓት - 6
    ፕሪንት(ሰዓት)
ኤንድ
ፕሪንት(ሰዓት)

ሦስተኛው መሥመር ላይ «ሰዓት» ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ብዙ ተማሪዎች ገና ያልተወለደ ስም ከራሱ ላይ እንዴት ይቀነሳል ብለው ይደናገራሉ። ሉዋ ግን በቅድሚያ የእኩል ምልክቱን ቀኝ ታሰላለች፤ በዚያን ጊዜ አዲሱ ስም ገና ስለሌለ በቀኝ ያለው «ሰዓት» የውጭኛው፣ ማለትም የወደቡ የጠዋት 9 ነው። ከዚያ 6 ተቀንሶ የተገኘው 3 ለአዲሱ የውስጥ ስም ይሰጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ 3፣ ከኤንድ በኋላ ደግሞ 9 ይታተማል። ሾፌሩ በራሱ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ይላል፤ የወደቡ ሰዓት ግን 9 እንደሆነ ይቆያል። ሁለቱ ሰዓቶች ሳይጋጩ አብረው ይኖራሉ።

ምሳሌው ግን በአንድ ነገር እንደሚለይ መግለጽ ይገባናል። በንግግር ጊዜ ያልተገለጸውን ወሰን ሰሚው በግምት ሊደርስበት ይችላል። ሉዋ አትገምትም። ካልታወጀ ግሎባል ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ሕጉ እንዴት እየዳበረ መጣ

በመጀመሪያዎቹ የሉዋ ዓይነቶች የሎካል ወሰን ሙሉ አልነበረም። በአንድ ክፍል ውስጥ የተጻፈ ሌላ ክፍል የውጭኛውን ሎካል እንደልቡ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። በ1998 በወጣው 3.1 ውስጥ የውጭኛውን ዋጋ ቅጂ በልዩ ምልክት መያዝ ተቻለ፤ ቅጂ በመሆኑ ግን መለወጥ አይቻልም። በ2003 የወጣው 5.0 ይህን ገደብ አነሣ። ከዚያ ወዲህ የውስጠኛው ክፍል የውጭኛውን ሎካል ማንበብም መለወጥም ይችላል። ከላይ ነጥቡን ከማደሻው ክፍል በላይ ያኖርነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው በ5.0 የቋንቋው ውስጣዊ አሠራርም ተለወጠ። ሎካል ስሞች ሬጂስተር በተባሉ ቅርብ ቦታዎች ተቀመጡ፤ ግሎባሎቹ ግን በጠረጴዛ፣ ማለትም በሠንጠረዥ ውስጥ በስማቸው የሚፈለጉ ናቸው። ስለዚህ በሴኮንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ በሚደጋገም ሥራ ሎካል ይፈጥናል። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊኖሩ የሚችሉት ሎካሎች እስከ 200 ብቻ መሆናቸውም መታወስ አለበት። ይሁን እንጂ ፍጥነት ሁለተኛ ጥቅም ነው፤ ዋናው ጥቅም የኮንቴይነሮቹ ቁጥር አለመጥፋቱ ነው።

በ2020 የወጣው 5.4 ዋጋው ሊለወጥ የማይችል ሎካል ለማወጅ የሚያስችል ምልክት ጨመረ። በ2025 መጨረሻ የወጣው 5.5 ደግሞ ግሎባል ስሞችንም ማወጅ የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ ቋንቋዋ ለአደባባዩ ስምም ማወጃ ሰጠች ማለት ነው። የቀድሞዎቹ ዓይነቶች በጨዋታዎች ውስጥ ዛሬም በሰፊው ስለሚሠራባቸው ግን፣ ሎካልን ራሱ የመጻፍ ልማድ ከተማሪው አይወድቅም።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ

ተማሪ ፕሮግራሙ ሲሳሳት «ማሽኑ ተበላሸ» ይላል። ማሽኑ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው። በእንዲህ ያለ ጊዜ መልሱን ከመንገር ይልቅ ስለ እያንዳንዱ ስም ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይበቃል። ይህ ስም የት ተወለደ? እነማን ያዩታል? የት ይሞታል? ተማሪው ለሦስቱም መልስ በጣቱ መሥመር እያመለከተ ሊሰጥ ከቻለ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል።

ይኸው ጥያቄ ለታሪክ መምህርም ያገለግላል። «2009» የሚል ጽሑፍ ያገኘ ተማሪ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ ሳይጠይቅ ማስታወሻው ላይ ከመዘገበው፣ የዶራሌን ሁለት ወደቦች አንድ ያደርጋቸዋል። የሪዮዎቹ ሊቃውንት ለመሐንዲሶቻቸው ሳያውጁ የመጻፍን ነጻነት ሰጡ፤ እኛም በየቀኑ ሳናውጅ እንናገራለን፣ ብዙውን ጊዜም እንግባባለን። ነገር ግን ጽሑፉ ከእጃችን ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ፣ ቅጹ ወደ ሌላ አገር ሲላክ፣ ፕሮግራሙም ከሌላው ፕሮግራም ጋር ሲገናኝ፣ ወሰኑን የምትነግረው ያቺ አጭር ቃል ናት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ«ፈትሽ» ምሳሌ ውስጥ «ቁጥር = 40» የሚለው «ሎካል ቁጥር = 40» ቢሆንና ከ«ፈትሽ» በላይ ቢጻፍ፣ የፈታሹ «ቁጥር = 0» ግን እንዳለ ቢቀር፣ ምን ይታተማል? ከ«ፈትሽ» በታች ቢጻፍስ?

2. በሰዓቱ ምሳሌ ከሦስተኛው መሥመር ላይ «ሎካል» ብትነሣ የሚታተሙት ሁለት ቁጥሮች ምንና ምን ይሆናሉ? የወደቡ ጸሐፊስ ምን ችግር ይገጥመዋል?

3. በትምህርት ቤታችሁ መዝገብ ወይም ማስታወቂያ ላይ አቆጣጠሩ ሳይገለጽ የተጻፈ ዓመት ወይም ሰዓት ፈልጉ። በሌላ አገር ያለ አንባቢ እንዴት ሊረዳው ይችላል?